አይፒቪ6ን ከአሮጌው አይፒቪ4 ጎን እንዴት ማስኬድ ይቻላል? ለቤትና ለትንሽ ቢሮ

ቤት ያስገጠማችሁትን ካሜራ ከውጭ ሆናችሁ በስልክ ማየት አቅቷችሁ ያውቃል? ራውተሩ ላይ ፖርት የሚባለውን መግቢያ ከፍታችሁ፣ ሁሉንም በትክክል ሞልታችሁ፣ አሁንም እምቢ ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ አንድ አድራሻ ለእናንተም ለብዙ ሌሎች ደንበኞችም እያካፈለ ነው። ራውተራችሁ ውስጥ ገብታችሁ የውጭ አድራሻውን እዩት። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ የሚጀምር ቁጥር ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር አሮጌው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ የአይፒቪ4 (IPv4) ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ደረጃው ሲወጣ የያዘው 4,294,967,296 አድራሻ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ ቋት የመጨረሻ ክምችት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ለአምስቱ አህጉራዊ አዳይ ድርጅቶች ተከፋፍሎ አለቀ። የአፍሪካን ድርሻ የሚያድለው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው። የአውሮፓው ደግሞ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2019 እጁ ባዶ ቀረ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን አድራሻ መስጠት የሚችለው ተተኪው አይፒቪ6 (IPv6) ግን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል።

ታዲያ ለምን እስካሁን አልተሻገርንም? ሁለቱ በቀጥታ ስለማይነጋገሩ ነው። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው ኔትወርክ አርፓኔት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ ቲሲፒ/አይፒ (ኢንተርኔት ዛሬም ወደሚሠራበት የመገናኛ ሕግ) ሲዞር የተገናኙት ኮምፒውተሮች ጥቂት መቶዎች ስለነበሩ ቀን ተቆርጦ ተሻገሩ። ዛሬ እንዲህ ያለ ቀን መቁረጥ አይታሰብም። ያለው መንገድ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ስለዚህ ከታች በምነግራችሁ ሥራ ውስጥ አይፒቪ4ን የምናጠፋበት ቦታ የለም። አዲሱን እንጨምራለን እንጂ አሮጌውን አንነካም።

1. ቀድሞውኑ እንዳላችሁ እዩ

ብዙ ሰው ሳያውቀው እየተጠቀመበት ነው። አሜሪካ ቲ-ሞባይል ያላችሁ ለምሳሌ ስልካችሁ በአብዛኛው በአይፒቪ6 ብቻ ተገናኝቶ፣ በአይፒቪ4 ብቻ ያሉትን አሮጌ ድረ ገጾች አድራሻን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚቀይር ዘዴ አማካይነት ነው የሚያገኘው። አፕልም እ.ኤ.አ. ከጁን 2016 ጀምሮ በአይፒቪ6 ብቻ ኔትወርክ ላይ የማይሠራ መተግበሪያ ወደ መደብሩ አያስገባም።

ለማየት ቴስት-አይፒቪ6 ዶት ኮም የሚባለውን ገጽ ክፈቱ። ነፃ ነው፣ ከ10 ነጥብ ይሰጣችኋል። ካላመናችሁት ኮምፒውተራችሁ ላይ የትዕዛዝ መስኮቱን ከፍታችሁ 2001:4860:4860::8888 የሚለውን የጉግል አድራሻ ፒንግ አድርጉ (ትንሽ የሙከራ መልእክት ላኩበት)። መልስ ከመጣ መንገዱ አለ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የኮምፒውተራችሁ ሴቲንግ ውስጥ በኤፍ ኢ 80 የሚጀምር አድራሻ ብታዩ አትደሰቱ። እሱ ከቤት አይወጣም፤ ኢንተርኔት ባይኖርም መሣሪያው ለራሱ የሚፈጥረው ነው። የምትፈልጉት በ2 ወይም በ3 የሚጀምረውን ነው።

2. አቅራቢያችሁን ጠይቁ

ስልክ ደውላችሁ «አይፒቪ6 አላችሁ?» ብቻ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተምታታ መልስ ነው የምታገኙት። ጥያቄው ይህ ይሁን፦ «ለራውተሬ ፕሪፊክስ ዴሊጌሽን ትሰጡኛላችሁ? መጠኑስ ስንት ነው?» ይህ ማለት ራውተራችሁ ለቤት መሣሪያዎች የሚያድለው የአድራሻ ክልል ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክልሉ ይሰፋል። /56 ወይም /60 ካሏችሁ ጥሩ ነው፤ የእንግዳና የካሜራ ዋይፋይ ለየብቻ ማድረግ ትችላላችሁ። /64 ከሆነ አንድ ኔትወርክ ብቻ ነው የሚሆናችሁ፤ ለተራ ቤት ይበቃል።

የለንም ካሏችሁ ታነል የሚባል አማራጭ አለ፤ አይፒቪ6ን በአይፒቪ4 ውስጥ ጠቅልሎ በሌላ ድርጅት በኩል የሚያሳልፍ ነው። ለመማር ጥሩ ነው፤ ለቤተሰብ ግን አልመክርም። መንገዱ ይረዝማል፣ አንዳንድ የፊልም አገልግሎቶችም እንደ ቪፒኤን ቆጥረው ይዘጉባችኋል። ራውተራችሁ ላይ «6ቱ4» (6to4) የሚል የድሮ የታነል ምርጫ ብታገኙ አትንኩት። ጊዜው ያለፈበት ነው።

3. ራውተሩን አዘጋጁ

ሴቲንጉን ባካፕ አድርጉ፣ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጉ፣ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ቀይሩ።

4. ፋየርዎሉን አስተካክሉ፣ ከዚያ አይፒቪ6ን አብሩ

ፋየርዎል ማለት የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ የራውተሩ ዘብ ነው። ብዙ መመሪያ መጀመሪያ አብሩ፣ በኋላ ፋየርዎሉን እዩ ይላል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማደርገው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በአይፒቪ4 ቤታችሁ ያለው ሁሉ የሚወጣው በአንድ አድራሻ ነው። ልክ አንድ የግቢ በር እንዳለው ቤት። ከውጭ የመጣ ሰው የትኛው ክፍል ማን እንዳለ አያውቅም። በአይፒቪ6 ግን እያንዳንዱ ክፍል ወደ መንገድ የሚከፈት የራሱ በር አለው። ቴሌቪዥኑ፣ ፕሪንተሩ፣ የካሜራው መቅጃ ሁሉም ከዓለም ሁሉ የሚደረስበት አድራሻ ያገኛል። ከፋብሪካ የመጣው ፓስወርድ ያልተቀየረ ካሜራ በዚህ ሁኔታ ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ ከውጭ የሚጀመር ግንኙነት በሙሉ ይዘጋ፤ ከውስጥ ለተጀመረው የሚመጣው መልስ ይግባ። ጥሩ ራውተር ይህን ከመጀመሪያው አብርቶ ነው የሚመጣው። ርካሽ የሆኑት ላይ ግን የአይፒቪ6 ፋየርዎል ለብቻው የሚበራ ሆኖ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። የአይፒቪ4ቱ መብራቱ ምንም አይረዳችሁም። ሊኑክስ ሰርቨር ያላችሁም በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ የአይፒቪ4 ፋየርዎል) የጻፋችሁት ሕግ ለአይፒቪ6 እንደማይሠራ አትርሱ። ለእሱ የራሱ ሕግ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ሕግ ሰው ሁሉ የሚስተው ነው፦ አይሲኤምፒቪ6ን (መሣሪያዎች ስለ መንገዱ ስህተትና ሁኔታ የሚላላኩባቸውን አጫጭር መልእክቶች) በጅምላ አትዝጉ።

በአንድ የማውቀው ቢሮ የሆነው ይህ ነው። አይፒቪ6 ከበራ በኋላ ድረ ገጾች ይከፈታሉ። ባዶ ኢሜይል ይሄዳል። ዶክመንት ሲያያዝበት ግን ይንጠለጠላል። ፎቶ መጫን ተጀምሮ እዚያው ይቀራል። ሠራተኛው ኢሜይሉን ወቀሰ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ወቀሰ። መጨረሻ ላይ አንድ ባለሙያ መጥቶ በየኮምፒውተሩ አይፒቪ6ን አጠፋና «ተስተካከለ» ተባለ። የተስተካከለ ነገር ግን አልነበረም። ጥፋቱ ፋየርዎሉ ላይ ነበር፤ «ፒንግ አደገኛ ነው» ከሚለው የድሮ ልማድ የመጣ፣ አይሲኤምፒን ሁሉ የሚዘጋ አንድ መስመር።

ውስጡ እንዲህ ነው። ዳታ የሚላከው ፓኬት በሚባል ቁራጭ ቁራጭ ነው። ኮምፒውተራችሁ የሚልከው ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1500 ባይት ይደርሳል። መንገድ ላይ ጠባብ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል። በፒፒፒኦኢ (አንዳንድ አቅራቢዎች በሚጠቀሙበት የመገናኛ ዘዴ) የሚገናኝ መስመር 1492 ብቻ ያሳልፋል፤ ታነል ደግሞ 1480። በአይፒቪ4 መንገድ ላይ ያለው ራውተር ትልቁን ፓኬት ቆራርጦ ሊያሳልፈው ይችል ነበር። በአይፒቪ6 ራውተር ፓኬት አይቆርጥም። ጥሎት ለላኪው «ይህ ትልቅ ነው፣ በዚህ ልክ አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት ይመልሳል። ያ መልእክት አይሲኤምፒቪ6 ዓይነት 2 ነው። ፋየርዎላችሁ ከዘጋው ኮምፒውተሩ ምንም አይሰማም። ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ ደጋግሞም ይጠፋል።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ምርመራው ማሳሳቱ ነው። ግንኙነት የሚከፍቱት ፓኬቶች ትንንሽ ናቸው። እነሱ ያልፋሉ። ፒንግም ትንሽ ስለሆነ ያልፋል። ብሮውዘሮች ሁለቱንም መንገድ ሞክረው ቶሎ የመለሰውን የሚመርጡበት ዘዴ አላቸው፤ ደረጃው የሚመክረው አይፒቪ6ን 250 ሚሊሰከንድ ማስቀደም ነው። ግን የሚያዩት ግንኙነቱ መከፈቱን ብቻ ነው። ከተከፈተ በኋላ ቢታነቅ ወደ አይፒቪ4 አይመለሱም።

ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጡትን የአይሲኤምፒቪ6 ዓይነቶች 1፣ 2፣ 3 እና 4 ፍቀዱ። ራውተሩና የቤት መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን ከ133 እስከ 136 ያሉትንም አትንኩ። እነሱን ከዘጋችሁ መሣሪያዎቹ አድራሻም አያገኙም፣ ራውተሩንም አያገኙትም። የእነዚህ መልእክቶች ጎርፍ ያሰጋኛል የምትሉ ከመዝጋት ይልቅ የፍጥነት ገደብ አድርጉበት። ይህን ሁሉ ማስተካከል የማይፈቅድ ራውተር ከሆነ ከፋብሪካ እንደመጣው ተዉት፤ «አይሲኤምፒን ዝጋ» የሚለውን ሳጥን ብቻ ምልክት አታድርጉበት።

አሁን አይፒቪ6ን አብሩት። የግንኙነቱን ዓይነት «ኔቲቭ» ወይም «ዲኤችሲፒቪ6» አድርጉ፣ ፕሪፊክስ ዴሊጌሽንን አብሩ። ወደ ውስጥ ላለው ኔትወርክ አድራሻ አሰጣጡን «ስላክ» (SLAAC) በሚለው አድርጉት፤ መሣሪያው ራውተሩ ከሚያሳውቀው ክልል ለራሱ አድራሻ የሚያወጣበት ዘዴ ነው። ራውተሩ አድራሻ በሚያድልበት በዲኤችሲፒቪ6 ብቻ ካደረጋችሁት አንድሮይድ ስልኮች አድራሻ ሳያገኙ ይቀራሉ። የውስጡ ኔትወርክ መጠን /64 ይሁን፤ ስላክ ከዚያ ባነሰ አይሠራም።

5. መሣሪያዎቹን እንደገና አገናኙ

የየመሣሪያውን ዋይፋይ አጥፍታችሁ አብሩ። ሌላ ሥራ የላቸውም። በሞባይል ዳታ ለመጠቀም ከፈለጋችሁ አንድሮይድ ላይ ሞባይል ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ የኤፒኤን (ከሞባይል አቅራቢው ጋር የሚያገናኘው ቅንብር) ፕሮቶኮሉን «አይፒቪ4/አይፒቪ6» በሚለው አድርጉት። አቅራቢው ካልነገራችሁ በቀር «አይፒቪ6» ብቻ የሚለውን አትምረጡ።

6. ከውስጥም ከውጭም ፈትሹ

የፈተና ገጹን እንደገና ክፈቱ። ነጥቡ ላይ ብቻ አትቁሙ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የትልቅ ፓኬት ፈተና የሚል አለ። የቢሮውን ዓይነት ችግር የሚያወጣው እሱ ነው።

ቀጥሎ የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በዳታ ሁኑ። ስልኩ በዳታም አይፒቪ6 እንዳለው ካያችሁ በኋላ የካሜራችሁን አይፒቪ6 አድራሻ በብሮውዘሩ ላይ በማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ አድርጋችሁ ለመክፈት ሞክሩ። መከፈት የለበትም። ከተከፈተ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ካሜራውን ከሩቅ ማየት ለምትፈልጉ የካሜራውን በር ለዓለም ከመክፈት ይልቅ ራውተሩ ላይ ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን አስቀምጡና የእሱን ፖርት ብቻ ክፈቱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤቱ ሜሪላንድ ሆኖ የሚያየው ዘመድ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ከሆነ፣ የእሱም ስልክ አይፒቪ6 ሊኖረው ይገባል። ከሌለው፣ የቤታችሁ አይፒቪ4 አድራሻ ከሌሎች ጋር የተካፈለ እስከሆነ ድረስ፣ የእናንተ ቤት ምንም ቢስተካከል አይደርስበትም። ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ያንን የፈተና ገጽ በዋትስአፕ ላኩለትና ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

አንድ ነገር ሲበላሽ «አይፒቪ6ን አጥፋው» የሚላችሁ ሰው ይመጣል። አትስሙት። ማይክሮሶፍት ራሱ ዊንዶውስ ላይ እንዲጠፋ አይመክርም። የተበላሸውን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ፋየርዎሉ ነው።

7. ድረ ገጽ ላላችሁ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሰርቨሩ በአይፒቪ6 አድራሻው የሚመጣ ጥያቄ መቀበሉን፣ ከዚያ ፋየርዎሉን፣ ከዚያ ከውጭ መከፈቱን አረጋግጡ። ዲኤንኤስ ላይ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ በሚቀይረው ማውጫ) ኳድ ኤ (AAAA) የሚባለውን የአይፒቪ6 አድራሻ መዝገብ የምትጨምሩት በመጨረሻ ነው፤ እሱ ከገባ ጎብኚዎች ወዲያው በአዲሱ መንገድ መምጣት ይጀምራሉ። ስትጨምሩት የመቆያ ጊዜውን (ሌሎች ኮምፒውተሮች መዝገቡን ይዘው የሚቆዩበትን) 300 ሰከንድ አድርጉ። የሆነ ነገር ቢበላሽ መዝገቡን ስታነሱት አብዛኛው ጎብኚ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ አሮጌው መንገድ ይመለሳል። ለጥቂት ቀን ያለ ችግር ከሄደ በኋላ ጊዜውን ወደነበረበት መልሱት።