የኦክሳይድ ዱቄት ስፔክትረም ስታነሱ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዚንክ ኦክሳይድ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም የብረት ኦክሳይድ ሠርታችሁ ለማስለካት ወረፋ የያዛችሁ ተማሪዎች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ስፔክትረም የምለው ናሙናው ብርሃንን በየሞገዱ ምን ያህል እንደሚውጥ ወይም እንደሚበትን የሚያሳየውን መስመር ነው። ወር ሙሉ የተለፋበት ናሙና መለኪያው ላይ ሲደርስ በትንሽ ቸልተኝነት ሲበላሽ ማየት ያንገበግባል።

የመጀመሪያው ስህተት የጨውን ውሃ የናሙናው አድርጎ መጻፍ ነው። እንደዚህ የሚደጋገም የለም። ለኤፍቲአይአር (ናሙናው የኢንፍራሬድ ብርሃንን የት የት እንደሚውጥ ለሚያሳየው መለኪያ) ናሙናችንን ከፖታሲየም ብሮማይድ ጋር ፈጭተን በመጭመቂያ እንክብል እናደርገዋለን። ይህ ጨው እርጥበት ይስባል። ክረምት ላይ ጠርሙሱን ከፍታችሁ ከተዋችሁት ደግሞ ባሰ። ከዚያ 3400 ዌቭነምበር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለ የሞገድ ብዛት) አካባቢ ሰፊ ጉብታ፣ 1630 አካባቢ ደግሞ ትንሽ ፒክ (ሹል ጫፍ) ይመጣል። ተማሪው አይቶ "ናሙናዬ ላይ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) አለ" ብሎ ይጽፋል። ሊኖር ይችላል። ግን 1630 ላይ ያለችው ፒክ የውሃው ሞለኪውል የራሱ መተጣጠፍ ናት፤ ከኦክሳይዱ ጋር የተያያዘ ሃይድሮክሲል እዚያ ፒክ አይሰጥም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጨዉን 110 ዲግሪ ላይ አሳድራችሁ አድርቁት። በዚያው ቀን ናሙና የሌለበት ባዶ እንክብል ጨምቃችሁ ለኩ። ጉብታው ባዶው ላይም ካለ፣ ስለ ሃይድሮክሲል ገና ምንም አላወቃችሁም።

አፈጫጨቱም ላይ አትቸኩሉ። 1 ሚሊግራም ናሙና ለ100 ሚሊግራም ጨው ይበቃል። እንክብሉን ጋዜጣ ላይ ስታስቀምጡት ከሥሩ ያለው ፊደል መታየት አለበት። ከደፈረሰ ወይ እርጥበት ገብቶታል፣ ወይ ዱቄቱ አልላመም። ያልላመ ዱቄት ብርሃኑን ይበትነውና የስፔክትረሙ መስመር ያዘነብላል።

2350 አካባቢ ስለሚመጣው ፒክ ብዙ አልልም። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ባክግራውንዱን (ያለ ናሙና የሚለካውን) እንደገና አንሱ። የዚንክና የኦክስጅን ንዝረት ግን ከ400 እስከ 500 ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ ጣጣ አለው። ፖታሲየም ብሮማይድ የሚያሳልፈው እስከ 400 አካባቢ ድረስ ነው። ጫፉ ላይ ግማሹ የተቆረጠን ፒክ "ከፍታው እዚህ ነው" ብላችሁ ሠንጠረዥ ውስጥ አታስገቡ።

ራማን (ሌዘር አብርቶ የሚበተነውን ብርሃን የሚለካው ዘዴ) ላይ ደግሞ ትልቁ ጠላት የሌዘሩ ሙቀት ነው። ማግኔታይትን፣ ጥቁሩን የብረት ኦክሳይድ፣ እንውሰድ። ጥቁር ስለሆነ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ይግላል፣ ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ሄማታይት፣ ማለትም ቀዩ የብረት ኦክሳይድ፣ ይሆናል። 670 አካባቢ የነበረው ፒክ ይደክምና 225፣ 290፣ 410 እና 1320 አካባቢ አዳዲስ ፒኮች ብቅ ይላሉ። ይህን ያየ ሰው ናሙናው ከመጀመሪያውም ቅልቅል ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ያን ሄማታይት የሠራው ግን ሌዘሩ ነው። ስትጨርሱ በማይክሮስኮፑ ተመልከቱ፤ ሌዘሩ ያረፈበት ቦታ ቀልቶ ወይም ተቃጥሎ ታገኙታላችሁ። ከ1 ሚሊዋት በታች ጀምሩ። ያንኑ ነጥብ ሁለት ጊዜ ለኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከተለየ ኃይሉን አሁንም ቀንሱ። በየቀኑም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት መለኪያው ትክክል መሆኑን የምንፈትሽባት የሲሊከን ፒክ 520.5 ላይ መሆኗን አረጋግጡ።

የመጨረሻው የባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮን ከታችኛው ባንድ ወደ ላይኛው ለመዝለል የሚያስፈልገው ጉልበት) ስሌት ነው። ታውክ ፕሎት (ባንድ ጋፑ ከመምጠጡ የሚነበብበት ግራፍ) ስትሠሩ አናቴዝ (አንዱ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት) ኢንዳይሬክት፣ ዚንክ ኦክሳይድ ዳይሬክት መሆናቸውን ቀድማችሁ ወስኑ፤ የግራፉ ቀመር በእነዚህ ሁለት የዝላይ ዓይነቶች ይለያያል። የተመኛችሁትን ቁጥር የሚሰጠውን መምረጥ አይቻልም፤ ሁለቱም ቀጥ ያለ መስመር ሊያወጡላችሁ ይችላሉና። ሌላ ብረት የተጨመረበት ናሙና ላይ ደግሞ ከባንድ ጋፑ በታች ያለው መምጠጥ ዜሮ አይደርስም። መስመሩን ዝም ብላችሁ እስከ ታችኛው አግዳሚ ከሳባችሁት ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል፤ መጀመሪያ ቤዝላይን (የመነሻ መስመር) አስምሩ።

ከዚያ ዱቄቱን በዓይናችሁ እዩት። የአናቴዝ ባንድ ጋፕ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም 388 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ነጭ ነው። 2.6 ማለት ግን 477 ናኖሜትር ነው፤ ሰማያዊውን ስለሚውጥ ዱቄቱ ቢጫ መሆን አለበት። ነጭ ዱቄት ይዛችሁ 2.6 ካወጣችሁ፣ ስሌቱን ከመጀመሪያው ጀምሩት።