የበረሃዋን ግብጦ በቅጠሏ ለዩዋት

ማርች ላይ ከላስ ቬጋስ ወይም ከፊኒክስ ወጣ ስትሉ፣ አስፋልቱን ተከትሎ የሚሄድ ሮዝና ወይን ጠጅ የአበባ መስመር ካያችሁ ብዙ ጊዜ ሉፒን ናት። የኛው ግብጦ ዘመድ ማለት ነው። ስሟን በትክክል ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን አበባዋን ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አትሂዱ። የስልክ ካሜራ ሮዙን ሰማያዊ፣ ሰማያዊውን ሮዝ አስመስሎ ያመጣዋል። እኔ የማምነው ቅጠሉን ነው።

መጀመሪያ ሉፒን መሆኗን አረጋግጡ። ጎንበስ በሉና ቅጠሏን ከላይ እዩት። ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደተዘረጋ መዳፍ ዙሪያውን የተበተኑ ጣቶች አሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ቅጠል ግብጦ ማሳ ውስጥ አይቶታል። በጠዋት፣ ዝናብ ጥሎ ካደረ፣ ጣቶቹ በሚገናኙበት መሃል ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ እንደ ዶቃ ክብ ብላ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። ለእሷ ብሎ በጠዋት መነሳት አያስቆጭም።

ቅጠሉ እንደ ሽምብራ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ከተደረደረ ሉፒን አይደለም። እዚያው በረሃ ውስጥ ሎኮዊድ የሚባል፣ ከብት ሲበላው የሚያሳብድ ተክል አለ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያወጣል፣ ቅጠሉም እንደዚያ ነው። የሁለቱም አበባ የአተር አበባ ስለሚመስል በአበባ ብቻ የሚለይ ሰው ይሳሳታል።

ቀጥሎ የትኛዋ ሉፒን ናት? በላስ ቬጋስ ዙሪያ ባለው በሞሃቪና በፊኒክስ ዙሪያ ባለው በሶኖራ በረሃ ሰው በብዛት የሚያምታታው ሁለቱን ነው። አንዷ አሪዞና ሉፒን፣ በሳይንስ ስሟ ሉፒነስ አሪዞኒከስ፣ ሌላዋ ኮልተር ሉፒን፣ ሉፒነስ ስፓርሲፍሎረስ ናት። የቅጠሉን አንዱን ጣት በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ ያዙት። የአሪዞናዋ ሰፋ ይላል፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ደመቅ ያለ አረንጓዴ ነው፣ የላይኛው ፊቱም ጠጉር የለውም ማለት ይቻላል። የኮልተሯ ቀጭን ነው፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስትዳስሱት ጠጉሩ ይታወቃችኋል። ቀለሙን ከዚህ በኋላ እዩ፦ አሪዞናዋ ወደ ደማቅ ሮዝ ታደላለች፣ ኮልተሯ ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ። ችግሩ የአሪዞናዋ አበባ ሲደርቅ እሱም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከግንዱ ጫፍ ላይ ያሉትን አዲስ የፈነዱትን አበቦች ተመልከቱ እንጂ ከታች ያረጁትን አይደለም።

መሬት ላይ ተለጥፋ፣ ከእግር እስከ ራሷ ጠጉር ለብሳ፣ ትንንሽ አበባ ያላት ካገኛችሁ ደግሞ ሦስተኛዋ ናት፣ ሉፒነስ ኮንሲነስ።

አበባው ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ከላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰፊው ክፍል መሃሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። ንብ ጎብኝታው የአበባ ዱቄት ካደረሰችለት በኋላ ነጥቡ ወደ ቀይ ሮዝ ይቀየራል፣ ንቦቹም ቢጫዎቹን መርጠው ያርፋሉ። አንድ ግንድ ላይ ሁለቱን ቀለም አብረው ብታዩ ሁለት ዓይነት ተክል እንዳይመስላችሁ።

የት ትፈልጓት? አሸዋማ ደረቅ ወንዝና የመንገድ ዳር፣ ምክንያቱም ዝናብ ሲጥል ከአስፋልቱ የሚወርደው ውሃ እዚያ ይጠራቀማል። አሪዞናዋን ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው በጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ መግቢያ፣ ኮተንውድ አካባቢ ሞክሩ። ኮልተሯ አሪዞና ውስጥ ባለው በፒካቾ ፒክ ፓርክ ፖፒ ከሚባሉ ብርቱካናማ አበቦች ጋር ተደባልቃ ትወጣለች።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፍሬውን እንዳይቀምሱ ተጠንቀቁ፣ የአተር እሸት ይመስላል። ግብጦን እንኳ ስንት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን መራራውን ካላስወጣን አንበላውም፣ የዱሩ ደግሞ ጭራሽ አይቀመስም። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መቅጠፍም ክልክል ነው። በፎቶ ውሰዷት፦ ቅጠሉን ከላይ፣ ቅጠሉን ከጀርባው፣ አበባውን ከጎን፣ ከዚያ ሙሉ ተክሏን አጠገቧ እጃችሁን አድርጋችሁ፣ መጠኗ እንዲታወቅ።

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ከደረሳችሁ አበባው አልፎ ሊሆን ይችላል። ያኔም ደረቁን ፍሬ ፈልጉ። ሙቀቱ ሲበረታ ቅርፊቱ ተጠማዞ ይሰነጠቅና ዘሩን ወዲያ ይወረውረዋል፣ ጸጥ ባለ ቀን ከተጠጋችሁ ጠቅ ሲል ይሰማል።