ቱርቦ ሞተር ላይ ካች ካን ካስገባችሁ በኋላ የሚመጡ ችግሮች፣ ከየት እንደሚመጡና እንዴት እንደሚስተካከሉ

ብዙ ሰው ካች ካን (ከሞተሩ መተንፈሻ የሚወጣውን ዘይት የሚያጠራቅም ቆርቆሮ) የሚገዛው የኢንተርኩለሩን፣ ማለትም ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ክፍል፣ ጎማ ሲፈታ ዘይት አይቶ ደንግጦ ነው፣ እኔም እንደዛው ነው የገዛሁት። መኪናዬ ሂሉክስ ናት፣ ባለ 3 ሊትር ናፍታ 1ኬዲ ሞተር። ካስገባሁ በኋላ ግን ያላሰብኩት ጣጣ መጣብኝና ቱርቦ ልገዛ ትንሽ ነበር የቀረኝ፣ ስለዚ ማንም ያንን ብር በከንቱ እንዳያወጣ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፈው።

መጀመሪያ ስራውን እንወቅ። ፒስተኑ ሲጨምቅና ሲያቃጥል ትንሽ ጋዝ በሪንጎቹ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፣ ብሎው ባይ የሚሉት እሱን ነው፣ አዲስ ሞተርም ቢሆን አለው። ይሄ ጋዝ መውጫ ስለሚያስፈልገው ከቴስታታው ክዳን ላይ መተንፈሻ ጎማ ወጥቶ ከቱርቦው በፊት ካለው የአየር ቱቦ ጋር ይገናኛል፣ ሞተሩ መልሶ ያቃጥለዋል። ችግሩ ጋዙ ሲወጣ የዘይት ጉም ይዞ መውጣቱ ነው። ናፍታ ላይ ጉሙ ከኢጂአር (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል) ከሚመጣው ጥላሸት ጋር ተገናኝቶ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ውስጥ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ቱርቦ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቤንዚኑ የመግቢያ ቫልቩን ስለማያጥበው ካርቦን ቫልቩ ላይ ይጠራቀማል። ካች ካኑ መሀል ላይ ገብቶ ጋዙን ያሳልፋል፣ ዘይቱን ያስቀራል። ማሳለፍ የሚለውን ያዙልኝ፣ ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ካኑ ማሳለፍ ሲያቅተው ነውና።

ምልክት፦ ካኑ ከገባ በኋላ ሞተሩ ዘይት ማላብ ጀመረ፣ ወይ ሰማያዊ ጭስ መጣ፣ ወይ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ብቅ ይላል

እኔን ያጋጠመኝ ይሄ ነው። ካኑን ያስገባሁበት ጋራዥ የተጠቀመው ከካኑ ጋር የመጣውን ቀጭን አፍ ነበር፣ ጎማው ደግሞ የራዲያተር ውሃ ጎማ። መጀመሪያ ምንም አልነበረውም፣ ሁለት ወር አካባቢ ሲሆን ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት በኩል ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ፣ ቀጥሎ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ። ሌላ መካኒክ አይቶ ቱርቦው አልቋል፣ ይቀየር አለኝ። ከመግዛቴ በፊት ለማንኛውም ብዬ ካኑን ነቅዬ የፋብሪካውን ጎማ ቦታው መለስኩት፣ በሳምንት ውስጥ ጭሱ ጠፋ። ቱርቦው ምንም አልሆነም ነበር!

ምክንያቱ እንዲ ነው። የሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ሲጠራቀም ደካማ ቦታ ይፈልጋል፣ የክራንክ ሲል፣ የክዳን ጉርኒሶን፣ የመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ። ቱርቦውን የሚያለሰልሰው ዘይት ደግሞ ወደ ታች የሚመለሰው በራሱ ክብደት ብቻ ነው፣ የሚስበው ፖምፓ የለም። ታች ግፊት ካለ ዘይቱ መውረድ አቅቶት ቱርቦው ውስጥ ይቆማል፣ ከዛ በሲሉ በኩል ወደ አየሩ ወይ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። ስለዚ ጤነኛ ቱርቦ የሞተ ይመስላል፣ አዲስ ብትገዙም አዲሱም ያጨሳል።

መፍትሄው ከአፉ ይጀምራል። የመኪናችሁን መተንፈሻ ቱቦ በካሊፐር ለኩ፣ የካኑ አፍ ከሱ ማነስ የለበትም። የመኪናው ቱቦ 19 ሚሊሜትር ሆኖ የካኑ አፍ 9 ቢሆን ልዩነቱ ግማሽ ይመስላል ግን የሚያልፍበት ቀዳዳ ስፋት ከአራት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። መርካቶ የሚሸጡት ርካሾቹ ብዙዎቹ እንዲ ቀጭን አፍ አላቸው፣ ሳትለኩ አትግዙ። ጎማው ዘይት የሚችል መሆን አለበት፣ የራዲያተር ጎማ የተሰራው ለውሃ ነው፣ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዛ ሲሞቅ ውስጥ ለውስጥ ይጣበቃል፣ የኔ ሲፈታ ውስጡ እርሳስ እንኳን አያስገባም ነበር። ሻጩን ለዘይት ነው ወይስ ለውሃ ብላችሁ ጠይቁት፣ ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ጎማው የሚታጠፍበት ቦታም እንዳይሰበር እዩ፣ ፋሸታውንም ከልክ በላይ አታጥብቁ።

ካኑ ውስጥ ፊልትሮ ያለው አይነት ከሆነ (ለናፍታ የሚሰሩት ብዙ ጊዜ አላቸው) ፊልትሮው ሲደፈን ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ እንዳለው አረጋግጡ፣ ፊልትሮውንም አምራቹ ባለው ጊዜ ቀይሩ። ማን ሁመል የሚባለው ፋብሪካ የሚሰራው ፕሮቬንት 200 የሚባል ካን ለምሳሌ እንዲ አይነት ቫልቭ አለው።

አሁን እኔ ሁሌ የማደርገው ሙከራ፦ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና የላስቲክ ጓንት አፉ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ፣ እጅጌና ነጠላ ግን ከቀበቶው ይራቅ። መጀመሪያ የፋብሪካው ጎማ እያለ፣ ቀጥሎ ካኑ ገብቶ ሞክሩት። ሁለቱ ተመሳሳይ ከሆኑ ካኑ እያሳለፈ ነው። ካኑ ሲገባ ብቻ ጓንቱ እንደ ፊኛ ከተወጠረ ካኑ አፍኖታል። ካኑ ሳይኖርም ከተወጠረ ግን ጉዳዩ የካን አይደለም፣ ሪንግ ወይ ሲሊንደር ነው፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የመጭመቅ ግፊት) አስለኩ።

ምልክት፦ ካኑ ምንም አይዝም፣ ኢንተርኩለሩ ግን አሁንም ዘይት አለው

ክዳኑን ክፈቱና ውስጡን እዩ። ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ማለትም ጋዙ የሚጋጭበት ግድግዳም ሆነ የብረት ሱፍ የሚመስል መረብ ከሌለው፣ ጉሙ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሁለተኛው መግቢያና መውጫው ተገላብጦ መገጠሙ ነው። ሶስተኛው ቦታው ነው፣ ከቱርቦው ወይ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አጠገብ ካሰራችሁት ጉሙ ቀዝቅዞ ጠብታ መሆን አይችልም፣ አየር ወደሚያገኝበት ወደ ፊት አምጡት። በዛ ላይ ካኑ ከሞተሩ መተንፈሻ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ዘይቱ ወደሱ እንዲወርድ።

ኢንተርኩለሩ ውስጥ ያለው ግን የድሮው ዘይት ሊሆን ይችላል፣ ካች ካን የተጋገረውን አያጸዳም። አውርዳችሁ እጠቡት፣ ማኒፎልዱንም እንደዛው፣ ከዛ ከ1000 ኪሎሜትር በኋላ ድጋሚ እዩ። ስስ የዘይት ንክኪ ጤነኛ መኪና ላይም አለ፣ አትደንግጡ።

ምልክት፦ የቤንዚን ቱርቦ ነው፣ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጅን በራ

ኮዱ ፒ0171 ከሆነ አየር በዝቷል ነዳጅ አንሷል እያለ ነው። የቤንዚን ቱርቦ ከናፍታው የሚለየው ሁለት መንገድ ስላለው ነው፣ ሚኒሞ ላይ ጋዙ በፒሲቪ ቫልቭ (የሞተሩን ሆድ ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ የሚያሳልፈው ቫልቭ) በኩል በማኒፎልዱ ቫኪውም ይሳባል፣ ቱርቦው ሲነፋ ፒሲቪው ይዘጋና ጋዙ ከቱርቦው በፊት ወዳለው ቱቦ ይሄዳል። ስለዚ በማኒፎልዱ በኩል አንድ ጎማ ከላላ፣ ወይ ካኑ ላይ ትንሽዬ ፊልትሮ አድርጋችሁ ወደ ውጪ ካስተነፈሳችሁት፣ የአየር መለኪያው ሴንሰር ያልለካው አየር ይገባል። ፉጨት ከሰማችሁ በሱ በኩል ፈልጉ። መፍትሄው ዝግ አድርጎ ወደ ሞተሩ መመለስ፣ ፋሸታዎቹን ማጥበቅ፣ ወደ ማኒፎልዱ በሚሄደው ጎማ ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ቀስት ወደ ማኒፎልዱ መዞሩን ማየት ነው። ቫልቩ ተገልብጦ ከተገጠመ ወይ ካልዘጋ የቱርቦው ንፋስ ተመልሶ የሞተሩን ሆድ ይነፋዋል፣ ከዛ ከላይ ወደጻፍኩት የሲል ጣጣ ትመለሳላችሁ።

ወደ ውጪ ማስተንፈስን በተመለከተ እኔ በአገራችን መንገድ ላይ ለናፍታም አልመክርም። መኪና ውስጥ ሽታ ይገባል፣ ኮፋኖው ስር ሁሉ ዘይት ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአየር ፊልትሮው በኋላ ያለው ቀዳዳ በደንብ ሳይደፈን ከቀረ ፒስታ መንገድ ላይ አቧራው ሳይጣራ ቀጥታ ወደ ቱርቦው ይገባል። የቱርቦውን ክንፎች ይበላቸዋል፣ ከዛ ሪንጉን።

ምልክት፦ ካኑ ውስጥ እንደ ማዮኔዝ ነጭ ቡኒ ነገር

ክረምት ላይ፣ በተለይ ጠዋት ከቤት ቢሮ አጭር መንገድ ብቻ ለሚነዳ፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ የቃጠሎው እንፋሎት ካኑ ውስጥ ይቀዘቅዛል። አውጡት፣ ቅዳሜ ረዘም ያለ መንገድ ንዱት፣ ድጋሚ እዩ። የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ግን፣ ወይ መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይትም ከነጣ፣ የቴስታታ ጉርኒሶን ሊሆን ስለሚችል አትንዱት፣ አስመርምሩ።

ምልክት፦ ቶሎ ቶሎ ይሞላል

መጀመሪያ የዘይቱን መጠን እዩ፣ ከላይኛው ምልክት በላይ ተሞልቶ ከሆነ ክራንኩ እየመታ ጉም ያደርገዋል፣ ትርፉን ቀንሱ። ልኩ ላይ ሆኖ እየሞላ ከሆነ የጓንቱን ሙከራና ኮምፕሬሽኑን አስለኩ። ትልቅ ካን በመግዛት ያለቀ ሪንግ አይደበቅም፣ ካኑ ሞልቶ ሲያልፍ ጠቅላላው ዘይት በአንዴ ወደ ቱርቦው ይሳባል፣ ናፍታ ሞተር ደግሞ የገባለትን ዘይት እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ቁልፍ ብታጠፉም በራሱ ሊጮህ ይችላል። ይሄ አደገኛ ነው፣ ሞተር ይፈነዳል።

ስለዚ ካስገባችሁ የመጀመሪያውን ወር በየሳምንቱ ክፈቱት፣ ልኩን ስታውቁት ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር አውጡት። የወጣውን መልሳችሁ ሞተሩ ውስጥ አትጨምሩ፣ ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅ የተቀላቀለበት ነው፣ መሬትም ላይ አትድፉት፣ ከተቃጠለው ዘይት ጋር አንድ ጀሪካን ላይ አጠራቅሙት።