ለከባድ ጭነት የሚሆን የጀርባ ቦርሳ እንዴት ይመረጣል?

ደሴ ውስጥ የጀርባ ቦርሳ ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ነው። ሻጩም «አብሽር፣ የፈለግከውን ያህል ይችላል» ይለዋል። ይችል ይሆናል። ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቦርሳው ሲሞላ ክብደቱ የሚያርፈው የት ላይ ነው? ትከሻ ላይ ከሆነ ተዉት። ዳሌ ላይ ከሆነ ስለ ዋጋ መነጋገር ይቻላል።

ይህን የምለው ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ለማደር፣ ከላሊበላ ተነስቶ አቡነ ዮሴፍን ለመውጣት፣ ወይም ቦረና ሳይንት ፓርክ ገብቶ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚሄድ ሰው ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ስንቅ፣ ማብሰያና ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው። 20 ኪሎ ሳይታወቅ ይሞላል። በዚያ ላይ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ትከሻን የሚጎትት ቦርሳ ደረትንም ያፍናል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ትንፋሽ በጣም ያስፈልጋል።

ከሁሉም የምመርጠው ለአዳኞች የተሠራውን ዓይነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ሥጋውን መኪና ከማይደርስበት ተራራ በጀርባቸው ተሸክመው ያወጣሉ። የአንዱ ወንድ ኤልክ የኋላ እግር ከነአጥንቱ 25 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ቦርሳው ጠንካራ ፍሬም (ቦርሳውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ዘንግ ወይም ሳህን)፣ ወፍራም የወገብ ቀበቶና በፍሬሙና በከረጢቱ መካከል ዕቃ የሚታሰርበት ክፍት ቦታ አለው። እኛ አገር ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም የሚታዩ እንጂ የሚታደኑ አይደሉም። ያቺ ክፍት ቦታ ግን ለእኛም ትጠቅማለች። ጀሪካን፣ የእህል ከረጢት ወይም እርጥብ ድንኳን ጀርባ ላይ ተጣብቆ ይታሰርባታል።

ጀርባችሁን ለኩ

ቁመት አያሳስታችሁ። ረጅም ሰው አጭር ጀርባ፣ አጭር ሰው ረጅም ጀርባ ሊኖረው ይችላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙና ሰው ይለካችሁ። አንገታችሁን ወደ ፊት ስትደፉ ማጅራት ላይ ጎልታ የምትወጣ አጥንት አለች። መነሻችሁ እሷ ናት። ቀጥሎ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉ፤ አውራ ጣታችሁ ወደ ኋላ ይዙር። ከእጃችሁ ሥር የዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ይሰማችኋል። ሁለቱ አውራ ጣቶች ከኋላ በሚጠቁሙበት መስመር ላይ መለኪያው ያበቃል። ሜትሩ የአከርካሪን ጉብጠት ተከትሎ ይውረድ። የብዙ አዋቂ ሰው ልክ ከ40 እስከ 53 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል።

አሁን ቦርሳውን ለኩ። ማንገቻው ከጀርባው ጋር ከሚገናኝበት ቦታ እስከ ወገብ ቀበቶው መሃል ስንት ነው? ከእናንተ ልክ ጋር መቀራረብ አለበት። ማንገቻው ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል ከሆነ በጣም ጥሩ፤ በተለይ አንዱን ቦርሳ ሁለት ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ። ከልባሽ ተራ የሚገዛ ሰው ይህን ልኬት በፍጹም እንዳይዘል። እዚያ የሚገኘው ቦርሳ ብዙ ጊዜ የመጠን ምልክቱ ተቆርጧል ወይም ጠፍቷል።

ክብደት ጭናችሁ ሞክሩ

ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። ሱቅ ውስጥ አንግቶ መስታወት ፊት መቆም ምንም አይነግራችሁም። እኔ የምሞክረው በሀይላንድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም፤ ባለ 2 ሊትር ሀይላንድ አሥር ከሆነ 20 ኪሎ ሞላ ማለት ነው። ጠርሙሶቹን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልላችሁ ክተቱ፤ ካልሆነ ታች ተከማችተው ሙከራውን ያበላሹታል። ሻጩ ቢያጉረመርም አትፈሩ። ቦርሳውን በሳምንቱ ከመመለስ ይሻለዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ቦርሳ ሲያነግት መጀመሪያ ማንገቻውን ያጠብቃል፣ ቀበቶውን ደግሞ እንደ ጌጥ መጨረሻ ላይ ያስረዋል። ተቃራኒው ነው ትክክሉ።

ሁሉንም ማሰሪያ አላሉት። ቦርሳውን አንግቱና ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። የወገብ ቀበቶው መሃሉ የዳሌ አጥንታችሁ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ከዚያ በላይ ከወጣ ሆድ ይጨምቃል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ይነሳል። ከዚያ በታች ከወረደ እግር ለማንሳት ያስቸግራል። ቦታው ሲገኝ አጥብቁት፤ አጥንቱን ጨብጦ መያዝ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር እዩ። ፊት ለፊት ሁለቱ የቀበቶው ስፖንጆች ከተገናኙ ቀበቶው ሰፍቷችኋል ማለት ነው። በመካከላቸው ክፍተት መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ ሲላላ የሚጠብቅበት ቦታ አይኖረውም።

ቀጥሎ ማንገቻውን ሳቡ፤ ትከሻን እስኪነካ ብቻ። ከዚያ ከትከሻችሁ በላይ ወደ ቦርሳው አናት የምትወጣውን ትንሽ ማሰሪያ ፈልጉ። ትክክለኛ ልክ ከሆነ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብላ ነው የምትወጣው። ለዘብ አድርጋችሁ ስትስቧት የቦርሳው አናት ወደ ጀርባችሁ ጠጋ ይላል። የደረት ማያያዣው መጨረሻ ይመጣል፤ ማጥበቅ አያስፈልገውም።

አሁን ጣታችሁን በማንገቻውና በትከሻችሁ አናት መካከል አስገቡ። በቀላሉ ከገባ ክብደቱ ዳሌ ላይ ነው። ሳትቸኩሉ ደረጃ ውጡ፣ ውረዱ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ቆዩበት። ቀበቶው ቀስ በቀስ ወደ ታች ከተንሸራተተ፣ ጣታችሁ ከደነዘዘ ወይም ማንገቻው አንገት ሥር ከቆረቆረ፣ ያ ቦርሳ ለእናንተ አይደለም። «ሲለመድ ይላላል» የሚለውን አትስሙ። ስፖንጅ ይላላል፤ ፍሬም ግን ልኩ አይለወጥም።

ሴቶች በተለይ ለሴት ተብሎ የተሠራውን ቢሞክሩ እመክራለሁ። የማንገቻው ቅርጽና የቀበቶው ዘንበል ማለት ይለያያል፤ ልዩነቱ ከ15 ኪሎ በኋላ በደንብ ይታወቃል።

ፍሬሙንና ስፌቱን መርምሩ

ቦርሳውን መሬት ላይ አቁሙና ከአናቱ ወደ ታች ተጫኑት። እጥፍ ካለ ፍሬም የለውም ወይም ደካማ ነው። ከዚያ ቀበቶውን ይዛችሁ ጎትቱ። ቀበቶው ከአሉሚኒየም ዘንጉ ወይም ከጠንካራው የጀርባ ሳህን ጋር መያያዝ አለበት። ጨርቅ ላይ ብቻ የተሰፋ ቀበቶ ጭነት አይሸከምም፤ ስም ብቻ ነው። ጀርባው መረብ ሆኖ ወደ ውስጥ የጎደጎደውን ዓይነትም ለከባድ ጭነት አልወደውም። አየር ያስገባል፣ ግን ክብደቱን ከጀርባ አርቆ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል።

የማንገቻው ሥር ደጋግሞ መሰፋቱን በዓይናችሁ እዩ። አብሮን የወጣ አንድ ልጅ ከአቡነ ዮሴፍ ሲወርድ ማንገቻው ከሥሩ ተገንጥሎበት፣ ቦርሳውን በገመድ አስረን ተራ በተራ ተሸክመን ነው የደረስነው። ስፌቱ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሁሉ ነገሩን ወዳችሁት ስፌቱ ግን ካጠራጠራችሁ፣ ወደ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ውሰዱት። በወፍራም ናይለን ክር ሲደግመው ከፋብሪካው ይበልጣል።

የልባሽ ቦርሳ ሲሆን ስፖንጁን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ጎድጉዶ ከቀረ ሞቷል። ውስጡን ዳብሱ፤ ሽፋኑ እጅ ላይ የሚጣበቅ ወይም እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ከሆነ ዝናብ አይከለክልም። ዘለበቱን ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ዚፑንም እንዲሁ።

ሊትሩ? ለአንድ ሁለት አዳር ከ60 እስከ 80 ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ የማያስፈልግ ነገር መጨመር ይመጣል። ለክረምት የዝናብ ሽፋን ግዙ፤ የሌለው ሰው ልብሱን ውስጥ በወፍራም ፌስታል ይቋጥር።

ስትጭኑ

መኝታው ታች። ከባዱ፣ ማለትም ውሃውና ስንቁ፣ መሃል ላይ ጀርባን ተጠግቶ። ቀላሉ ውጭና ከላይ። የወሎ ቁልቁለት ግን ከዳገቱ ይብሳልና ስትወርዱ ከባዱን ዕቃ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ቀበቶውንም እንደገና አጥብቁት። ሚዛናችሁን ይጠብቅላችኋል።

ከ25 ኪሎ ካለፈ ደግሞ ከእኔ ምክር በቅሎ ይሻላል። ላሊበላ አካባቢ በቅሎና አህያ ከነባለቤቱ ይከራያል። ያን ጊዜም ውሃችሁን፣ የዝናብ ልብሳችሁንና የራስ ባትሪያችሁን በራሳችሁ ጀርባ ያዙ። በቅሎዋ ሌላ መንገድ ልትሄድ ትችላለች፣ ዝናቡ ደግሞ እሷን አይጠብቅም።