አኖተን፦ "ዳግመኛ" ነው ወይስ "ከላይ"?

ባለፈው ከጓደኛዬ ጋር አራት ኪሎ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እየጠጣን በዮሐንስ 3፥3 ተከራከርን፣ አማርኛው "ዳግመኛ ካልተወለደ" ይላል፣ ግሪኩ ግን አኖተን ነው፣ እና እንዲህ አይነት ተውሳከ ግስ ሲገጥማችሁ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቃሉን ቁረጡት፣ "አኖ" ላይ ማለት ነው፣ "ተን" ደግሞ እንደኛ "ከ"። ግን እዚህ ላይ እንዳታቆሙ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስልካችሁ ላይ ኮንኮርዳንስ (አንድ ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት የት እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ) ያለው አፕ ክፈቱና ያው ጸሐፊ ሌላ ቦታ እንዴት እንደተጠቀመበት እዩ፦ 3፥31 ከላይ የሚመጣው፣ 19፥11 ከላይ ካልተሰጠህ፣ 19፥23 ላይ ደሞ እጀ ጠባቡ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሰራ፣ ሁሉም "ከላይ" ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ጋ ይለያያል፣ ሉቃስ 1፥3 "ከመጀመሪያው"፣ ገላትያ 4፥9 "እንደ አዲስ"።

ከዛ ሰሚው ምን እንደገባው እዩ። ኢየሱስ ይህን የነገረው ኒቆዲሞስ፣ ሁለተኛ ጊዜ ወደ እናቱ ማህፀን ስለመግባት ነው የጠየቀው፣ "ዳግመኛ" ነው የገባው ማለት ነው፣ ዮሐንስ ሆን ብሎ በሁለቱ ትርጉም የተጫወተ ይመስለኛል (ሰምና ወርቅ ለምናውቅማ ይሄ ምን ይገርማል)። እኔ ብተረጉም "ከላይ" ብዬ "ዳግመኛ"ን ግርጌ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጓደኛዬ አሁንም አልተስማማም።