መጀመሪያ ስቲከሩን ለጥፉ፣ ከዚያ ቀዳዳውን ድፈኑ

ኮምቦልቻ፣ አንድ የመጋዘንና የቢሮ ግንባታ ላይ ነው። ኮርኒሱ ተዘግቷል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ ርክክቡ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አማካሪ መሐንዲሱ ቀና ብሎ አየና «ከላይ ያሉት የኬብል ቀዳዳዎች ተደፍነዋል?» አለኝ። ካልተደፈኑ እሳት በእነሱ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። «አዎ» አልኩት። «ስንት ናቸው? ማን ደፈናቸው? በምን?»

ደብተሬን ገለጥኩ። «1ኛ ፎቅ፣ ምሥራቅ ግድግዳ፣ አለቀ» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ኮርኒሱ ተከፈተ። ሦስተኛው ካሬ ሲነሳ አንድ ቀዳዳ በጂፕሰም አምሮ ተለስኖ አየሁ። እስክሪብቶዬን ገፋ ባደርገው እስከ ቆቡ ጠለቀ። ውስጡ የተጨማደደ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። እሳት በዚያ ግድግዳ ቢመጣ ወረቀቱ ማቀጣጠያ እንጂ መከላከያ አይሆንም። ያን ዕለት ማታ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ከዚያ ወዲህ በኪውአር ኮድ ስቲከር ነው የምሠራው። ኮዱ ራሱ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተወለደ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የመኪና መለዋወጫን ለመቆጣጠር ተብሎ ነው የተሠራው። እኔ እንዴት እንደምጠቀምበት ላውራችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቼ እንደሚለጠፍ ላይ ነው። ሥራው ሲያልቅ እንደ ማኅተም ይለጥፉታል። እንደዚያ ከሆነ የተረሳው ቀዳዳ ስቲከር የለውም፣ ስቲከር የሌለው ደግሞ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ማንም አይፈልገውም። እኔ የምለጥፈው ቀዳዳው ገና ክፍት ሳለ ነው። ኬብሉ ተጎትቶ እንዳለቀ መሰላልና ስቲከር ይዤ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እዞራለሁ። ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ እለጥፋለሁ፣ ማሸጊያው እንዳይሸፍነው። ያን ቀን ምንም አይደፈንም፤ መቁጠር ብቻ ነው። ፎርማኑ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ሲል መልሱ ትንሽ ይከብዳል። ቻሉት።

ኮዱ ውስጥ ቁጥር ብቻ አስገቡ። የኔ ስድስት አሃዝ ነው። 103022 ማለት 1ኛ ፎቅ፣ ክፍል 03፣ ቀዳዳ 022 ነው። ቁጥር ብቻ ሲሆን በትንሿ ኮድ፣ 21 በ21 ነጥብ ባላት፣ ይገባል። ነጥቦቹ ትላልቅ ስለሚሆኑ ርካሽ ስልክም ቶሎ ያነባቸዋል። የአማርኛ ቃል ካስገባችሁ እያንዳንዱ ፊደል ብዙ ቦታ ይወስዳል፣ ኮዱም እንደ ወንፊት ይደቃል። ሲሠራ የስህተት ማረሚያውን ደረጃ ከፍተኛው ላይ አድርጉት፣ «ኤች» የሚለው ላይ። እስከ 30 በመቶ ቢበላሽም ይነበባል። በሳይት ላይ ኖራ የማይነካው ነገር የለም።

ምድር ቤቱን በ0 አትጀምሩ። ኤክሴል ፊት ላይ ያለችውን 0 ይበላታል። እኔ ለምድር 9 ሰጥቼዋለሁ። ቁጥሩንም ከኮዱ ሥር በዓይን እንዲነበብ በትልቁ አሳትሙት፤ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ በአፍ ይነገራል።

አንድ ወጥመድ አለ። ኢንተርኔት ላይ «በነፃ እንሠራለን» ከሚሉት አንዳንዶቹ ኮዱ ውስጥ የእናንተን ቁጥር አይደለም የሚያስገቡት፣ ወደ ራሳቸው ድረ ገጽ የሚመራ አድራሻ ነው። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ኮዱ ይሞታል። የመጀመሪያዎቹ ስቲከሮቼ ሁለት ሳምንት ሠርተው አንድ ጧት ሁሉም «ይክፈሉ» ማለት ጀመሩ። ግድግዳ ላይ ተለጥፈው! «ስታቲክ» የሚባለውን ምረጡ። ከማሳተማችሁ በፊትም ዳታ አጥፍታችሁ ስካን አድርጉ። ቁጥሩ ከመጣ ደህና ነው።

ያሳተምኩት ደሴ ፒያሳ ነው፣ በፕላስቲክ ስቲከር ላይ። ወረቀት አይሆንም። የሚያብረቀርቅ ላሚኔትም አይሆንም፤ በጨለማ የስልኩን መብራት ስታበሩበት መልሶ ዓይናችሁን ያጠፋል፣ ካሜራውም አያነብም። ደብዛዛውን ጠይቁ። 3 በ3 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ከክንድ ርቀት ይነበባል። ግድግዳ ሁለት ፊት ስላለው እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለት አሳትሙ፣ አንዱ ለወዲያ አንዱ ለወዲህ።

መለጠፉ በቦታው ይለያያል። ኮምቦልቻ ችግሩ አቧራ ነው። ብሎኬቱን በብሩሽ ጠርጋችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሳችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ደሴ ላይ ክረምት ከሆነ ግን አትድከሙ። ጉሙ መስኮት በሌለው ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ያድራል፣ ግድግዳው ያልባል። ጧት ስትገቡ ስቲከሩ ወለል ላይ ነው፤ የትኛው የየትኛው እንደነበር ደግሞ ማን ያውቃል? እኔ ስቲከሩን ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ለጥፌ ቆርቆሮውን በሚስማር እመታዋለሁ። አያምርም፣ ግን አይወድቅም።

ለመመዝገቢያ ኮቦ ኮሌክት የሚባለውን የስልክ መጠይቅ መሙያ መተግበሪያ እጠቀማለሁ። እዚህ አካባቢ በእርዳታ ድርጅት መረጃ የሰበሰበ ወጣት ሁሉ ያውቀዋል፣ ጠይቁት፣ ፎርሙን በግማሽ ቀን ይሠራላችኋል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል። ፎርሙን አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኔትወርክ ትሞላላችሁ፣ ኔትወርክ ስታገኙ ትልካላችሁ። «ባርኮድ» የሚለው የጥያቄ ዓይነት ኪውአሩንም ያነባል። የፎቶውን መጠን 1024 ፒክስል ላይ ገድቡት፣ አለዚያ ካርዳችሁን ይጨርሰዋል።

ጥያቄዎቹን አታብዙ። በቀዳዳው ምን ያልፋል፣ የትኛው ፊት ነው፣ በምን ተደፈነ፣ የማሸጊያው ባች ቁጥር (ዕቃው ላይ የታተመው የምርት ዙር ቁጥር) ስንት ነው፣ ማን ሠራው። በቃ። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም። ኬብልና የብረት ቧንቧ በሮክ ዉል፣ ማለትም ከድንጋይ በተሠራ የማይነድ ጥጥ መሰል ነገር፣ እና በእሳት መከላከያ ማሸጊያ ይደፈናሉ። የፕላስቲክ ቧንቧ ከሆነ በእሳት ጊዜ ቀልጦ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ በሙቀት የሚያብጥ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ ቀለበቱ እያበጠ የቀለጠውን ቧንቧ ጨፍልቆ ይዘጋዋል። ሠራተኛው «ፒቪሲ»፣ ማለትም የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ብሎ ሲመርጥ የቀለበቱን ፎቶ ግዴታ አድርጉበት። በር የሚገጠምበት ተራ ፎም ደግሞ በምርጫው ውስጥ ጭራሽ አይኑር። ይነዳል።

ፎቶው ሦስት ነው። ክፍቱ ቀዳዳ፣ ሮክ ዉሉ ገብቶ፣ ታሽጎ ሲያልቅ። በሦስቱም ውስጥ ስቲከሩ መታየት አለበት። የዚህ ሁሉ ሥራ ነፍሱ ሁለተኛው ፎቶ ነው። አንደኛውንና ሦስተኛውን ያ ባለ ከረጢቱ ሰውዬም ያነሳው ነበር። ሁለተኛውን ግን ሜትር ወደ ውስጥ ከትቶ፣ ጥልቀቱን እያሳየ፣ በከረጢት ሊያነሳው አይችልም። ማታ ሻይ እየጠጣሁ ሁለተኛውን ፎቶ ብቻ ነው የማየው።

ቀንና ሰዓት ማንም በእጁ አይጻፍ፣ ስልኩ ይመዝግበው። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ብሎ የጻፈ ልጅ ነበረን። ሪፖርቱን ያየው የውጭ ዜጋ «እኩለ ሌሊት አልፎ በ3 ሰዓት ማን ነው ግድግዳ የሚደፍነው?» ብሎ ጠየቀን። የቀኑማ አይነሳ፤ 5/2 ለእኛ ጥቅምት ነው፣ ለእነሱ ፌብሩዋሪ።

ኤክሴል ላይ የለጠፋችሁትን ቁጥር ሁሉ ደርድሩ፣ ሪፖርት ያልመጣለት ቀይ ይሁን። ቀይ ያለበት ክፍል ኮርኒስ አይዘጋም። ይህን ከጂፕሰም ሠራተኞቹ አለቃ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ፣ ኋላ ላይ ጭቅጭቅ ነው።

እሳት ማጥፊያ ሲሊንደሮችም በዚሁ መንገድ ይያዛሉ፣ አንድ ልዩነት ብቻ አላቸው። ሲሊንደር ይንቀሳቀሳል። ለመሙላት ተወስዶ ሲመለስ የማብሰያ ቤቱ ሲሊንደር መጋዘን ውስጥ ተሰቅሎ ይገኛል። ስለዚህ ሁለት ኮድ ያስፈልጋል፣ አንዱ ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ሲሊንደሩ ላይ፤ በየወሩ ሁለቱም ስካን ይደረጋሉ። የአምራቹን ጽሑፍ ግን አትሸፍኑ። ዱቄት ያለው ሲሊንደር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) አረንጓዴ ላይ መሆኑ፣ ፒኑና ማኅተሙ መኖሩ፣ ቱቦው አለመሰንጠቁ ይታያል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጌጅ የለውም፣ መመዘን ነው ያለበት። ይህን ሥራ ለጥበቃው አባባ አስተማርኳቸው። መጀመሪያ «ልጄ፣ ይሄ ጥንቆላ አይደል?» ብለው ሳቁ። በሁለተኛው ወር ጌጁ ቀይ የገባ ሲሊንደር ያገኙት እሳቸው ናቸው።

የቀረው ኤሌክትሪሽያን ነው። እናንተ ደፍናችሁ ስትጨርሱ እሱ ካሜራ ሊገጥም ይመጣል፣ ያሸጋችሁትን በፌሮ ይበሳና አንዲት ቀጭን ሽቦ ያሳልፋል። ይህን በቁጣ አልቻልኩትም። ስቲከሩ ላይ «ከከፈትከው ቁጥሩን ላክልን» የሚል መስመርና የስልክ ቁጥሬን ጨመርኩ። ለሳምንታት ማንም አልደወለም። ባለፈው ደሴ ላይ ምሳ እየበላሁ ስልኬ ጮኸ።

«እህት ዓለም፣ 204011ን በስቼዋለሁ፣ ይቅርታ።»

«ስንት ሽቦ አለፈ?»

«አንድ። ሁለተኛው ነገ ይመጣል።»

«እንግዲያው ነገ ሁለቱም ሲያልፉ ደውልልኝ» አልኩት፣ ቁጥሩንም ቀይ አደረግኩት።