የትዳር አጋራችሁ የአሜሪካ ወታደር ከነበረ

በዲቪ መጥቶ፣ የመጋዘን ሥራ ሰልችቶት የአሜሪካ ጦር ውስጥ የገባ ሀበሻ ጥቂት አይደለም። ግሪን ካርድ ካለው መግባት ይችላል፤ የዜግነት ማመልከቻውም ክፍያ የለውም። ኮንትራቱን ጨርሶ ሲወጣ ግን ብዙው ዩኒፎርሙን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል፤ በአገልግሎቱ ለመጣበት ሕመም የሚከፈለውን ካሳም ሳይጠይቅ ይቀራል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ የትዳር አጋር ጋ በቅርቡ ለመጣችሁ ነው።

መጀመሪያ ዲዲ 214 የሚባለውን ወረቀት አስፈልጉ። መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ፣ በምን ሁኔታ እንደተሰናበተ የሚያሳየው እሱ ነው። ከጠፋ ሴንት ሉዊስ ካለው የመዛግብት ማዕከል ቅጂው በነፃ ይጠየቃል።

ወረቀቱ ሲገኝ ወደ ካውንቲ። ብዙ ሰው ቪኤ (የፌዴራሉ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሲባል ሆስፒታሉን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሚኒሶታን ብንወስድ ግን 87ቱም ካውንቲዎች የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አላቸው። ፎርም ይሞላል፣ ከቪኤ የመጣ ደብዳቤ ያስረዳል፣ በይግባኝም ያግዛል። አምስት ሳንቲም አያስከፍልም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ የስቴቱን ቢሮ ጠይቁ።

ከባዱ ወረቀቱ አይደለም፤ ሰውየው ነው። «ምን ሆንኩና? ካሳው ለቆሰለ ነው» ይላችኋል። ማታ ማታ ጆሮው እንደሚጮህ፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ እንደሚይዘው፣ ከእንቅልፉ እየባነነ እንደሚነሳ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የጆሮ መጮህ እኮ ቪኤ ካሳ ከሚከፍልባቸው ሕመሞች በብዛት ግንባር ቀደሙ ነው! አብራችሁት ሂዱ። ማስረጃው ባይሟላም ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ሊያስገባ ማሰቡን በዚያው ቀን ያስመዝግብ። በአንድ ዓመት ውስጥ አሟልቶ ከተፈቀደለት፣ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ከተመዘገበበት ቀን ይታሰባል። ሌሊት ነገሩ ከከበደ በጭንቀት ጊዜ ወደሚደወልበት የእርዳታ መስመር 988 ደውላችሁ 1ን ተጫኑ፤ ቤተሰብም መደወል ይችላል።

አንድ የማውቀውን ልጅ ኢንተርኔት ላይ ያገኘው «አማካሪ» ከካሳው የአምስት ወር ክፍያ ጠይቆታል። ለመጀመሪያ ክሌም ማዘጋጃ ገንዘብ መቀበል በሕግ አይፈቀድም።

ቪኤ የሚወስነው የጉዳት መጠን 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለትዳር አጋርና ለልጆች ተብሎ ወርሃዊው ክፍያ ይጨምራል። ፋይሉ ላይ ካልተጻፋችሁ ግን ጭማሪው በራሱ አይመጣም። የጋብቻና የልደት ወረቀቶቻችሁን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ ያዙ። የራሳችሁ ቤት ካላችሁና ጉዳቱ 70 በመቶ ከደረሰ፣ ሚኒሶታ ለቤት ግብር ከሚሰላው ዋጋ ላይ እስከ 150,000 ዶላር ትቀንሳለች። ይህንንም የምትጠይቁት ካውንቲውን ነው።

«አባቴስ? ኦጋዴን ዘምቷል እኮ» የሚለኝም አለ። ክብር ይገባቸዋል። ይህ ቢሮ የሚቆጥረው ግን ለአሜሪካ ጦር የተሰጠ አገልግሎትን ነው።